«ጆ እኔ ነኝ» ስል ወንድሜ ይስቅብኛል

ሰላም ናችሁ? ባለፈው እትም «ራሳችሁን ያያችሁበት የልቦለድ ሰው አለ ወይ?» ብዬ ጠይቄ ነበር። የመጣው መልስ ገረመኝ። ንጉሥ የለ፣ ጀግና የለ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የጻፈልኝ ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ነው። ጭንቅላቷ የሚሠራ፣ አፏ የማያርፍ፣ ቤተ ዘመድ «ይቺን ደግሞ ማን ሊያገባት ነው?» የሚልላት ሴት ልጅ። ጥያቄ ያዘሉትን አራቱን መርጫለሁ። ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። 24 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። 12 ዓመቴ ላይ አክስቴ ከውጭ ስትመጣ «ሊትል ዊመን» የሚባለውን መጽሐፍ ይዛልኝ መጣች። እንግሊዝኛዬ ስላልቻለው ክረምቱን ሙሉ በመዝገበ ቃላት ታገልኩት። ከዚያ ጀምሮ ጆ፣ የመጽሐፉ ዋና ልጅ፣ እኔ ነኝ። እኔም ምላሳም፣ ወንዳወንድ እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አሁንም በየዓመቱ አንዴ አነበዋለሁ። ወንድሜ ሙድ ይይዝብኛል፤ «ሰው የልቦለድ ሰው ይሆናል እንዴ? እደጊ እንጂ» ይለኛል። የሚያናድደው ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም የማይችለኝ ልጅ፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንድ ቃል አይወጣኝም። እና ልጅነት ነው ወይ? ሌላም አለ፤ ደራሲዋ ጆን ለዚያ ጺማም ፕሮፌሰር ለምን ዳረቻት? እስካሁን አልወጣልኝም። (ጆ ነኝ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ጆዬ፣ ከጋብቻው ልጀምርልሽ፣ ምክንያቱም እሱ ቁርጥ ያለ መልስ አለው።

ሉዊዛ ሜይ አልኮት መጽሐፉን ፈልጋ አልጀመረችውም። አሳታሚዋ «ለልጃገረዶች የሚሆን ነገር ጻፊልኝ» ብሎ ነው የወተወታት። እሷ ደግሞ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ፣ ልጃገረዶችን ብዙም እንደማትወድ፣ ከእህቶቿ በቀር የምታውቃቸውም ጥቂት እንደሆኑ ጽፋለች። ስለዚህ የምታውቃቸውን ጻፈች፤ እህቶቿን። ራሷን ደግሞ ጆ አደረገች። የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1868 ወጣ። ወዲያው ደብዳቤ ጎረፈ። ምን ብለው ቢጽፉ ጥሩ ነው? «ማን ማንን ታገባለች?»

ደራሲዋ ተናደደች። የሴት ልጅ የሕይወት ግብ ሌላ የሌለው ይመስል ብላ በማስታወሻዋ አጉረመረመች። ማንንም ለማስደሰት ብዬ ጆን ለጎረቤቷ ልጅ ለሎሪ አልድራትም ብላም ማለች። እሷ ብትተዋት ጆ ሳታገባ ጽሑፏን እየጻፈች ትቀር ነበር፤ አልኮት ራሷም አላገባችም። ግን የአንባቢው ግፊት በረታ። እሷም በእልክ ማንም ያልጠበቀውን፣ ዕድሜው የገፋ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ፈጥራ አመጣችላት። ሁለተኛው ክፍል በ1869 ሲወጣ አንባቢዎቿ አፋቸውን ይዘው ቀሩ። እንደኔ እንደኔ ያ ፕሮፌሰር የደራሲዋ ኩርፊያ ነው። ጆን የዳሯት ደግሞ እንዳንቺ የወደዷት ልጆች ናቸው፤ ልክ ምረቃሽ ላይ ዳቦ ሳይቆረስ «ሠርግሽን መቼ ነው የምንበላው?» እንደሚሉት ዘመዶች። ሰውዬውን አልጠላውም። ግን እስከ ጋብቻው ደርሼ መጽሐፉን የማጥፍባቸው ዓመታት አሉ፣ አንቺም ሞክሪው።

ልጅነት ነው ወይ ላልሽው፣ የፈረንሳይዋ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯር ልጅ ሆና ራሷን ያየችው በጆ ነው። ይህንን ደግሞ ሃምሳ ዓመት ከሆናት በኋላ ባሳተመችው የልጅነት ትዝታዋ ላይ ሳታፍር ጽፋዋለች። ወንድምሽን ግን በፈላስፋ አትከራከሪው። ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጫወት ማን እንደነበር ጠይቂው። «እኔ ሮናልዶ ነኝ»፣ «እኔ ሜሲ ነኝ» ሳይባባሉ የተጀመረ የሰፈር ግጥሚያ አይቼ አላውቅም። አንድም ሰው ግን «እደግ» አላለውም።

አሁን ስለ ስብሰባው። ብዙ ሰው ጆን የሚያስታውሳት ፀጉሯን በሸጠችበት ቀን ነው። አባትየው ዋሽንግተን ታሞ ተኝቷል፣ እናት መሄጃ ገንዘብ ያስፈልጋታል፣ ጆ ወጥታ ያንን የምትኮራበትን ፀጉሯን አስቆርጣ 25 ዶላር ይዛ ትመጣለች። ትቀልዳለች፣ ራሴን ቀለል አለኝ ትላለች። ማታ ሁሉም ሲተኛ ግን ታላቅ እህቷ ስትሰማት እያለቀሰች ነው። ለአባቷ መስሏት ልታባብላት ስትነሳ፣ ለካ ለፀጉሯ ነው የምታለቅሰው። እኔ ጆን የወደድኳት እዚህ ጋ ነው። ቀኑን ሙሉ ጀግና ሆና ማታ ለፀጉር አለቀሰች፣ መጽሐፉም አላሳፈራትም።

አንቺ የምትፈልጊው ገጽ ግን ሌላ ነው፤ ሄደሽ እንደገና አንብቢው። ጆ ታሪክ ልትሸጥ ጋዜጣ ቢሮ የሄደች ቀን። ጭስ የሞላበት ክፍል፣ እግራቸውን ከራሳቸው በላይ የሰቀሉ ወንዶች። ቤት ውስጥ ማንም የማይችላት ጆ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነው የሄደችው። እና ምን ሆነች? ተንተባተበች። «ጓደኛዬ ናት የላከችኝ» ብላ አረፈችው! የራሷን ጽሑፍ። ስለዚህ ስብሰባ ላይ አፍሽ ሲያያዝ ጆ መሆንሽ ቀረ ብለሽ እንዳታስቢ። እሷም በዚያ በር ስትገባ ያው ነበረች። ልዩነቱ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ መውጣቷ ነው። አንቺም ቃል ካልወጣሽ በጽሑፍ አድርጊና ከስብሰባው በፊት ላኪላቸው።

የማልደብቅሽ አንድ ነገር አለ። «እኔ ጆ ነኝ» የሚል ደብዳቤ ስንት ደረሰኝ መሰለሽ፣ «እኔ ኤሚ ነኝ» የሚል ግን አንድም የለም። ኤሚ ማለት ቲያትር ጥለውኝ ሄዱ ብላ ጆ ስንት ጊዜ የለፋችበትን ጽሑፍ እሳት ውስጥ የከተተችው ትንሿ እህት ናት። እኔም ዕድሜ ልኬን ጆ ነኝ እል ነበር። ጆ ስትጽፍ የምታደርጋት ቆብ ነበረቻት፤ ቤተሰቡ የቆቧን አቀማመጥ አይቶ ነው ማናገር አለማናገሩን የሚወስነው። እኔም ማትሪክ ሳጠና የእናቴን ሻሽ ግንባሬ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስር ነበር፣ «ሻሹ ከታሰረ ቡና ጥሩም አትበሉኝ» ማለት ነው። ባለፈው ዓመት ስደግመው ግን ኤሚ ጋ ስደርስ ፊቴ ቀላ። ታላቅ እህቴ ለአንድ ልጅ የጻፈችውን ደብዳቤ አግኝቼ እንግዳ ፊት ጮክ ብዬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ይቅርታ አላልኳትም። ይሄን ካነበበች እንግዲህ፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ወንድ ነኝ። ሃሪ ፖተርን ጓደኞቼ ሁሉ ሲያዩ ሃሪን ነው የሚሆኑት። እኔ ግን ኸርማዮኒ ነኝ፣ ያቺ መጽሐፍ የማትለየው ልጅ። ብነግራቸው አለቀልኝ። ችግር አለብኝ? (ስሜ ይቅር)

መልስ፦ ምንም የለብህም። ሸምዳጅ ነህ ማለት ነው፣ እንኳን ደስ አለህ። እኛ ሴቶች እኮ መጽሐፍ ከተጀመረ ጀምሮ ወንድ ስንሆን ነው የኖርነው፣ በባሕር ስንጓዝ፣ አንበሳ ስንገድል፣ ማንም «ችግር አለብሽ?» ያለን የለም። ደራሲዋም ኸርማዮኒ የራሴ የልጅነት ግነት ናት ብላለች። ለጓደኞችህ መንገር ከፈራህ በሦስተኛው መጽሐፍ ያለውን አስታውሳቸው። መምህሩ «አውቃለሁ ባይ» ብሎ ክፍል መሃል ይሰድባታል። እሷ አቀርቅራ እንባዋ ሲመጣ፣ ጓደኛዋ ሮን፣ ራሱ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንደዚያው የሚላት ሮን፣ ተነስቶ ከመምህሩ ጋር ይጋጫል። ጥያቄ ጠየቁ፣ መልሱን የምታውቅ አለች፣ መልሱን ካልፈለጋችሁ ለምን ጠየቃችሁ ነው ነገሩ። ክፍል ውስጥ እጁን አውጥቶ አስተማሪው እያየ ያለፈው ልጅ ይሄን ለመረዳት ሴት መሆን የለበትም።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው። «ማቲልዳ» የሚል መጽሐፍ ከትምህርት ቤት ተውሳ ካነበበች ወዲህ መልስ መስጠት ጀመረች። ባለፈው እሁድ እንግዳ ተቀምጧል፣ ስልክ ተደወለ፣ አንድ የማልፈልገው ሰው ነበርና «ደብረ ዘይት ነኝ፣ ማታ ነው የምገባው» አልኩት። ልጅቷ ከሶፋው ላይ ጮክ ብላ «አባዬ ቤት ነህ እኮ!» አለች። ሰውየው ሰማ። ጎረቤታችን «አይነ አውጣ ሆናለች፣ መጽሐፉን ቀሟት» አለችኝ። ምን ላድርግ? (የቸገረው አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በቅድሚያ ሳቄን ይቅር ይበሉኝ። ለብቻዬ ነው የሳቅሁት።

መጽሐፉን ያንብቡት። የማቲልዳ አባት አሮጌ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ማርሹ እንዳይጮህ ሳጋቱራ ይጨምርበታል፣ ኪሎሜትር ቆጣሪውን በመሰርሰሪያ ወደ ኋላ ያዞረዋል፣ ይሄንን ደግሞ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለልጆቹ በኩራት ያወራል። ልጅቷ ይሄ እኮ ማጭበርበር ነው ስትለው ይጮህባታል። ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውንም መጽሐፍ ቀዳዶ ይጥለዋል። እንግዲህ ጎረቤትዎ የመከሩዎት የሰውየውን ሥራ ነው። ኮፍያ ያደርጋሉ? ማቲልዳ በአባቷ ኮፍያ ላይ ያደረገችውን ሲያነቡ ይገባዎታል።

እርስዎ እንደ ሰውየው ነዎት እያልኩ አይደለም። ልጅዎ ያደረገችው ግን ድፍረት አይመስለኝም። መዋሸት ነውር ነው ብለው ያስተማሯት እርስዎ ነዎት፣ እሷም ይዛዋለች። ማታ ሲተኙ «አየሽ፣ ዋሽቼ ነበር፣ ልክ አልነበረም» ይበሏት። ከብዶዎት ከሆነ በቀልድ መልክ ይበሉት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌላኛውን ግማሽ ያስተምሯት፤ ነገር በጆሮም ይነገራል። ሰው ፊት ሳይሆን ጠጋ ብሎ።

ይሄ ግማሽ በመጽሐፍም አለ። «ሃሪየት ዘ ስፓይ» የሚል እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ የወጣ የልጆች ልቦለድ አለ። ሃሪየት የ11 ዓመት የኒውዮርክ ልጅ ናት፤ ስለ ጓደኞቿ ያየችውን ሁሉ፣ እውነቱን፣ ደብተር ላይ ትጽፋለች። አንድ ቀን ደብተሩ እጃቸው ገባ። አነበቡት። ክፍሉ በሙሉ አድሞ ጠላት ሆነባት። በመጨረሻ የቀድሞ ሞግዚቷ በደብዳቤ የምትመክራት ለልጅ የሚነገር አይመስልም። ይቅርታ ጠይቂ፣ ሰው እንዳይጎዳ ሲባልም ትንሽ ዋሺ፣ ለራስሽ ግን መቼም አትዋሺ ትላታለች። ይሄ ምክር አንዳንድ ወላጅ ያስቆጣል። እኔ ግን ማቲልዳን ላነበበች ልጅ ሁለተኛ መጽሐፍ አድርጌ የምሰጣት ይሄንን ነው።

ስልክ የማንሳት ፍላጎት ከሌለዎት ደግሞ አያንሱት።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 11 ዓመቷ ነው። የአረንጓዴው ጣራ ቤት ልጅ፣ የአን ፍቅር ይዟታል፤ ያቺ ቀይ ፀጉሯ እና ወሬዋ የማያልቅ። ባለፈው «እማ፣ የኛ አን የት አለች? በአማርኛ መጽሐፍ ውስጥ ተከራካሪ ሴት ልጅ የለችም?» አለችኝ። እኔ ያነበብኩት ትምህርት ቤት የታዘዝኩትን ነው። ምን ልበላት? (የሁለት ሴቶች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄ ጥያቄ ሦስት ቀን አስቀምጦኛል። ልጅሽ ቀላል ሰው አይደለችም።

መጀመሪያ የሚያስደስታትን ንገሪያት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ ሮም ያሳተመው በ1900 ዓ.ም. ነው። ርዕሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ልቦለድ የምንለው ስምም ከዚያ የወረስነው ነው። በፈረንጁ 1908 መሆኑ ነው፤ ያቺ የልጅሽ አንም የታተመችው በዚያው ዓመት ነው። እና የኛው መጽሐፍ ውስጥ ጦቢያ የምትባል ልጅ አለች። መንታ ወንድሟ ጠፍቶ በባርነት ሲያዝ፣ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች፤ ወንድ ለብሳ። በየደረሰችበት ወንድ ነው ብለው ይቀበሏታል፣ ወንድ መስላት የወደደቻትም አለች። አን ካናዳ ውስጥ «ካሮት» ብሎ የተሳለቀባትን ልጅ በጽሕፈት ሰሌዳዋ አናቱን ብላው ሰሌዳውን ስትሰብር፣ የኛዋ በወንድ ልብስ አገር ታቋርጥ ነበር። ለ11 ዓመት ልጅ ጥሩ ዜና ነው።

ደስ የማይለኝን ደግሞ ለአንቺ ልንገርሽ። ጦቢያ የምትደፍረው ወንድ እስከለበሰች ድረስ ነው። ከዚያ ሃምሳ ስምንት ዓመት ቆጥረሽ 1958 ዓ.ም. ነይ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»። ሰብለ ወንጌልን ማን የማይወዳት አለ? ማንበብና መጻፍ ተምራለች፣ የምትፈልገውን ታውቃለች፣ አባቷን ፊታውራሪ መሸሻን ጥላ ከቤት እስከ መጥፋት ትደርሳለች። ግን አስቢው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የአገሩን ወግና ልማድ ገልብጦ የሚጠይቀው፣ ሰው እንደ እብድ እስኪያየው የሚከራከረው ማን ነው? ጉዱ ካሳ ነው። ደራሲው ሐሳቡን ለጉዱ ካሳ ሰጠው፣ ለሰብለ ፍቅሩንና መከራውን። መጽሐፉን ማሳነሴ አይደለም፣ በሬዲዮ ሲተረክ ሰምቼ ያለቀስኩ ሰው ነኝ። ግን ልጅ ሆኜ የቤታችንን ግርግዳ ተደግፌ ስሰማ መሆን የምመኘው ሰብለን ሳይሆን ጉዱ ካሳን ነበር። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ልጅሽ ጥያቄዋን ስትጠይቅ ነው የገባኝ።

ስለዚህ ትንሽ ወደ ደቡብ ውረጂ፣ ዚምባብዌ። ጺጺ ዳንጋሬምብጋ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተመችው «ነርቨስ ኮንዲሽንስ» የሚባል ልቦለድ አለ። የምትተርከው ታምቡ ናት፣ የገጠር ልጅ። መጽሐፉ ሲከፈት ወንድሜ ሲሞት አላዘንኩም ትላለች፤ እንደዚህ ነው የምትጀምረው! የትምህርት ቤት ክፍያ የሚበቃው ለወንድሟ ብቻ ነው ተብሎ እሷ ቤት ትቀራለች። ስታለቅስ አባቷ ምን ቢላት ጥሩ ነው? መጽሐፍ ቀቅለሽ ለባልሽ ታቀርቢያለሽ ወይ? ይሄንን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ዙሪያዬን አየሁ። በአማርኛ የተባለ መሰለኝ። እኛም እኮ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» እያልን ነው ያደግነው።

መጽሐፉ በሙሉ ለ11 ዓመት ልጅ ይከብዳል፣ ለ15 እና 16 ይሁን። አንቺ አንብቢውና የበቆሎውን ታሪክ ብቻ ለይተሽ፣ መብራት አጥፍተሽ፣ «ተረት ተረት» ብለሽ ንገሪያት። «የላም በረት» ማለት ካልለመደች አስለምጃት።

እንዲህ ነው። ታምቡ ዘር ብቻ ስጡኝ ትላለች። ማለዳ እየተነሳች ቆፍራ በቆሎ ትዘራለች፣ ሸጬ ትምህርት ቤት እገባለሁ ብላ። አባቷ ይስቅባታል። በቆሎው ያፈራል፣ ከዚያ እሸቱ ይጠፋ ጀመር። ለካ ወንድሟ እየሰረቀ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያድላል። ሄዳ እዚያው ሰው ፊት ዘልላ ትከመርበታለች፣ አቧራ ላይ ይንከባለላሉ። መምህሩ ገላግሎ ነገሩን ሲሰማ ከተማ ወስዶ ያሻሽጣታል። ከተማ ውስጥ አንዲት ነጭ ሴትዮ መምህሩን ሕፃን ታሠራለህ ብላ ታፋጥጠዋለች፣ እሱ ስለ ልጅቷ ትምህርት ሲነግራት ልቧ ይራራና አሥር ፓውንድ ትሰጣለች። ገንዘቡ ትምህርት ቤት ገቢ ሆኖ ደረሰኝ ይቆረጣል። አባትየው ይሄን እንደሰማ ትምህርት ቤት ይመጣል፤ ልጅቷ የኔ አይደለችም ወይ፣ ገንዘቡም የኔ ነው ይላል።

እዚህ ጋ ስትደርሺ ልጅሽ ከአልጋዋ ተነስታ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ። «አገኘ?» ትልሻለች።

አላገኘም። ደረሰኙ በልጅቷ ስም ነበር።